ደንባራው ፈረስና የቤኒሻንጉል መንገድ

«ጫነ» የተባለው ግሥ ለፈረስ ሁለት ፊት አለው። አባቶቻችን «ፈረሱ ተጫነ» ሲሉ ግላሱ ተነጠፈ፣ ኮርቻው ወጣ፣ ልጓሙ ገባ ማለታቸው ነበር፤ ተሸካሚው ፈረስ፣ የሚሸከመውም ሰው ወይም ዕቃ ነበር። ዛሬ ከደጋ ወደ ቆላ በሚወርድ አውራ ጎዳና ዳር «ፈረሱ ተጫነ» የሚል ቃል የሰማ መንገደኛ ግን ዘወር ብሎ ቢያይ የሚያገኘው ሌላ ነው፤ ይኸውም አራት እግሩን በጭነት መኪና ወለል ላይ የተከለ፣ ጆሮውን አቁሞ አፍንጫውን የነፋ፣ ራሱ ጭነት የሆነ ፈረስ ነው። ይህ የትርጉም መገልበጥ በቋንቋ ብቻ የሚታይ አይደለም። አሶሳንና የቀረውን የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር ለሚያውቅ ሰው ከኋላው ረዥም ታሪክ አለው። ፈረስን ወደማይወደው ቦታ ማስገባትና በደኅና ማውጣት በዚህ ምድር ሞተር ከመምጣቱ በፊት የተነሣ ጥያቄ ነውና።

«በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» የሚለው ተረት፣ በእኛ ግምት፣ ከጫኞች አፍ የወጣ መሆን አለበት። የሚደነብር እንስሳ ፍርሃቱ ሳይወገድለት ሌላ ድምፅ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን በዐይኑ ያላየ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይናገርም። ሆኖም ታሪካችን ስለ ጫኙ የሚለው እጅግ ጥቂት ነው። የመኳንንቱ የፈረስ ስም በሚገባ ተመዝግቧል፤ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ መኰንን «አባ ቃኘው» መባላቸውን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ዳሩ ግን ያን ፈረስ በጎርፍ ወንዝ ያሻገረው፣ ሲደነብር አንገቱን ዳብሶ ያረጋጋው፣ በሌሊት ሣር አጭዶ ያበላው ሰው ስሙ እምብዛም አይገኝም።

በቤኒሻንጉል የፈረስ ታሪክ የእንግዳ ታሪክ ነው። የአሶሳ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ብትገኝም፣ ክልሉን የሚያቋርጡት የዓባይ፣ የዳቡስና የበለስ ሸለቆዎች ቆላ ናቸው። በእነዚህ ሸለቆዎች ውስጥ የቆላ ዝንብ ይኖራል፤ ደም እየመጠጠም የገንዲን በሽታ ከእንስሳ ወደ እንስሳ ያዛምታል። የእንግሊዝ ጦር ሐኪም የነበረው ዴቪድ ብሩስ የዝንቡንና የበሽታውን ግንኙነት በዙሉላንድ የደረሰበት በ1895 እ.ኤ.አ. ነበር። የቆላው ባለከብት ግን ማጉያ መነጽር ሳይኖረው ከየትኛው ወንዝ ማዶ ከብት እንደማይከርም ያውቅ ነበር። በሽታው የያዘው ፈረስ ደም እያነሰው ይከሳል፣ ሆዱና እግሩ ያብጣል፣ በመጨረሻም ይወድቃል። አህያ ከበሽታው ነጻ ባትሆንም ከፈረስ ይልቅ ትቋቋመዋለች። ስለዚህ የዚህ ምድር የጭነት እንስሳ አህያ መሆንዋ የድህነት ምልክት ሳይሆን የዕውቀት ውጤት ነው።

ለቤርታ ሕዝብ ደግሞ ፈረስ ሌላም ትርጉም ነበረው። የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር በልጁ በእስማኤል መሪነት በ1821 እ.ኤ.አ. ዓባይን ተከትሎ ወደ ላይ ሲዘልቅ የሚፈልገው ወርቅና ባሪያ ነበር። ከጦሩ ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ካዮ እስከ ፋዞግሊ ተራሮች ድረስ ሄዶ ያየውን ጽፏል። የቤርታ መንደሮች በድንጋያማ ኮረብታ ላይ የተሠሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ፈረሰኛ በሜዳ ላይ ጌታ ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ በተቆለለበት ገደል ግን ፈረሱ ያመነታል፣ ጌታውም ይወርዳል። እንግዲህ በዚያ ዘመን የፈረስ ማመንታት ለአንዳንዱ ቤተሰብ ከባርነት መትረፊያ ሆኗል ማለት ነው። የደንባራ ፈረስን ነገር የፈረሰኛው ችግር ብቻ አድርገን እንዳናየው ይህን ማስታወስ ይገባል።

በዛሬው ባምባሲ አካባቢ የነበረው የፋዳሲ ገበያ የሁለት ዓለም መገናኛ ነበር። ከደጋው በኩል ቡናና አሞሌ ጨው፣ ከሱዳን በኩል ጨርቅና ዶቃ ይመጣል፤ መሐሉ ላይ የቤርታ ወርቅ አለ። ኦስትሪያዊው ኤርንስት ማርኖ በ1870፣ ሆላንዳዊው ኹዋን ማሪያ ስኹቨር ደግሞ በ1881 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ደርሰዋል። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ምድር ባሳተመው የታሪክ መጽሐፍ ርእስ ላይ ጨውና ወርቅን አጣምሮ ማስቀመጡ ያለ ምክንያት አልነበረም። ግን ጨውም ሆነ ወርቅ በራሱ እግር አይሄድም። እንስሳው በቆመበት ሸክሙ የሚዞረው ወደ ሰው ነው፤ ከሰውም መካከል ወደ ሴቲቱና ወደ ባሪያው። የጉሙዝ ሴት በትከሻዋ ላይ እንጨት አጋድማ ከፊትና ከኋላ ሸክሟን አመዛዝና ስትሄድ ያየ ሠዓሊ ውበቱን ይሥላል። በዚያ ሚዛን ውስጥ አጋሰስ ያልገባበት አገር ታሪክ እንዳለም ቢያስብ ሥዕሉ አይጎዳም።

ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ቤኒሻንጉልን ሲያስገብሩ ሠራዊታቸው ከነፈረሱና ከነበቅሎው ወደ ቆላው ወረደ። ከዚያ በኋላ የአሶሳው ገዥ ሼኽ ኾጀሌ አል ሐሰን ለማዕከላዊው መንግሥት ወርቅ ሲገብሩ ኖሩ፤ በአዲስ አበባ የነበራቸው መኖሪያም ለአንድ ሰፈር ስም ሆኖ ቀረ። «ሸጎሌ» የምንለው «ሼኽ ኾጀሌ» በከተሜ አፍ ተኮማትሮ ነው። ከአሶሳ እስከ ሸጎሌ ያለውን መንገድ ያሰበ ሰው ዳገቱን፣ ወንዙን፣ ዝንቡን ሁሉ በአንድነት ያስባል። በወንዝ መሻገሪያ ላይ የሚደነብርን እንስሳ ለማሻገር ጫኞች የሚያውቁት ዘዴ የታወቀ ነው፤ ወንዙን የለመደች አንዲት በቅሎ አስቀድሞ ማስገባት፣ ጭነቱን አራግፎ ለብቻው ማሻገር፣ ድንጉጡን ከሁለት ከለመዱ መካከል ማሰለፍ። ጅራፍ የመጨረሻው ነገር ነው፤ ከወንዙ ፍርሃት ላይ የጅራፍ ፍርሃት የተጨመረበት እንስሳ በሚቀጥለው ጊዜ ወንዙን ገና ከሩቅ ሲያይ ይቆማልና።

እንስሳን ካልኖረበት ምድር በግድ ማስገባት ምን እንደሚያስከትል ለማየት የ1933 ዓ.ም.ን ዘመቻ ማስታወስ ይበቃል። ከጣልያን ነጻ ለመውጣት በተደረገው ጦርነት ከሱዳን ተነሥቶ በመተከል ቆላ በኩል ወደ በላያና ወደ ጎጃም የዘለቀው ኃይል 15 ሺህ ገደማ ግመሎችን ይዞ ነበር። የበረሃው እንስሳ ተረተር ላይ ተንሸራተተ፣ በማያውቀው ቅጠልና በውርጩ ተጎዳ፤ አብዛኛው በመንገድ አለቀ። መኪናውም ቢሆን ያን ጊዜ ከግመሉ ብዙ አልተሻለም፤ ሰው እየገፋ ነው ያሳለፈው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የቤልጂግ ኮንጎ ወታደሮች አሶሳን ከጣልያን እጅ አስለቀቁ። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ሞተሩ የሲራራ ነጋዴውን መንገድ ወረሰ። በ1970ዎቹ ከወሎ ተነሥተው አሶሳ አካባቢ የሰፈሩት ገበሬዎች የመጡት በመኪናና በአውሮፕላን ነበር። በሬና በቅሎ ሲያሠለጥን የኖረ ሰው ከብት በገንዲ በሚያልቅበት ምድር ሲሰፍር፣ ከማሳው ጋር አብሮ ሙያውንም ማጣቱ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባም።

ፈረስ በፈረስ መጫን የጀመረው ግን ሞተር ሳይኖር ነው። በ1836 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ሎርድ ጆርጅ ቤንቲንክ «ኤሊስ» የተባለውን የእሽቅድምድም ፈረሱን በተሸፈነ ሠረገላ ውስጥ አስገብቶ፣ በስድስት ፈረሶች አስጎትቶ ዶንካስተር አደረሰው። በእግሩ ቢሄድ ይደክማል፣ በጊዜውም አይደርስም ብለው የተወራረዱ ሁሉ ከሰሩ፤ ኤሊስ አሸነፈ። አብሮት ሌላ ባልንጀራ ፈረስ መጫኑ ጫኞቻችን በወንዝ ዳር ከሚያውቁት ጋር አንድ ነው።

በእኛ አገር የፈረስ ሙያ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጋር በሚዋሰነው በአዊ ደጋ ላይ ሕያው ነው። በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ከዚህ ደጋ ወደ መተከል በመኪና የሚወርድ ፈረስ ለፈረስ ተብሎ የተሠራ ተሳቢ አያገኝም፤ የሚጠብቀው የእህልና የሲሚንቶ መኪና ነው። መወጣጫ ሳንቃ በሌለበት ሾፌሩ የመኪናውን ኋላ ወደ መንገድ ዳር ጉብታ ያስጠጋል። ይህ ብልህ ዘዴ ቢሆንም ለድንጉጥ ፈረስ ግን የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

ፈረስ ዐይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ከግንባሩ ፊት ለፊት ቅርብ ያለውንና ከጭራው ኋላ ያለውን ግን አያይም። ከፀሐይ ወደ ጨለማ ሲገባም ዐይኑ የሚለምደው ከሰው ዐይን ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ሸራ የለበሰ መኪና ለእርሱ ዋሻ ነው፤ ከዋሻ ደግሞ አውሬ ይወጣል። ባዶው ወለል ከኮቴው ሥር እንደ ከበሮ ሲጮኽ መሬቱ የከዳው ይመስለዋል። ግሪካዊው ክሴኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ፈረስ ግልቢያ በጻፈው መጽሐፍ፣ የሚያስደነግጠውን ነገር ለፈረሱ በዝግታ ማስለመድ እንጂ መምታት ፍርሃቱን እንደሚያባብስ አስረድቷል። ዛሬም የሚሠራው ይኸው ነው። ሸራውን ገልጦ ብርሃን ማስገባት፣ ወለሉ ላይ አፈር ወይም ጭድ መነስነስ፣ ለምዶ የሚገባ ባልንጀራ ማስቀደም። ገመዱን ጥቂት ወጠር ማድረግ፣ ፈረሱ አንድ እግር ወደፊት ባነሣ ቅጽበትም ማላላት፤ ዋናው ትምህርት ያለው በማላላቱ ላይ ነው። ሁለት እግሩን አስገብቶ ቢቆም እዚያው ማሳረፍ፣ ራሱም ሳይጠይቅ መልሶ ማውጣት። መውጫ እንዳለው ያወቀ ፈረስ መግቢያውን አይጠላም።

ከመጫን ይልቅ ማውረድ ብዙ እግር ሰብሯል። ፈረሱ አንገቱ እንደታሰረ ኋላው ቢከፈት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ገመዱ ሲይዘው ይንገላታል፣ ራሱን ከብረት ጋር ያጋጫል፣ ወይም በጎኑ ይወድቃል። ስለዚህ ሲጫን ኋላው ከተዘጋ በኋላ ይታሰራል፤ ሲወርድ መጀመሪያ ይፈታል፣ ከዚያ ኋላው ይከፈታል። በሩ ተከፍቶም ጥቂት ይቆያል። ከደጋው ብርድ ወጥቶ የቆላው ሙቀት ፊቱን ሲመታው፣ የማያውቀውን ሣር ሲያሸት፣ ባለቤቱ እጁን አንገቱ ላይ አኑሮ ዝም ብሎ አብሮት ይቆማል፤ ፈረሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ መሬቱን ሲያይ ያን ጊዜ አንድ እርምጃ ይጠይቀዋል።