ነጩና የማይታየው፦ የድሬ ውሃ ታሪክ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ የድሬዳዋን ውሃ ነገር ላውጋችሁ። የቧንቧ ውሃ ቢሆንም ወሬው ከቧንቧ አይጀምርም፤ ከተራራው ነው የሚጀምረው።

ከሐረርጌ ደጋ ተነስታችሁ የደንገጎን ጠመዝማዛ ስትወርዱ ነጣ ያለ ድንጋይ ከግራ ከቀኝ ያጅባችኋል። የኖራ ድንጋይ ነው። ያ አገር በግምት ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለል ነበር። የዛጎልና የሌላውም የባሕር ፍጡር ቅሪት እየተደራረበ፣ እየተጫነ ድንጋይ ሆነ። ባሕሩ ሄደ፤ ምድሩ ተነሳ፤ ድንጋዩ ቀረ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ውሃው ከአየሩና ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ለዘብ ያለ አሲድ ይሆናል፤ በስንጥቁ እየሰረገ ድንጋዩን ቀስ እያለ ያሟሟል። ለዚህ ምስክር ከፈለጋችሁ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ገደሉ ላይ ያለውን ፖርክ ኤፒክ ዋሻ እዩ። እ.ኤ.አ. በ1929 ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬ የተባሉ ፈረንሳውያን ደረሱበት፤ ኋላም የጥንት ሰው መንጋጋ ተገኘበት። ያን ዋሻ የቦረቦረው ሌላ ማንም አይደለም፤ ውሃ ነው። የተሟሟው ድንጋይ ታዲያ የት ሄደ? ከውሃው ጋር ወደ ታች ወረደ። ድሬ ደግሞ ታች ናት።

ከተማዋ እዚያ የተቆረቆረችው በባቡሩ ምክንያት ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱና ወጪው አልቻል ሲል ከተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ድሬ ደረሰ። የያኔው ባቡር የሚሄደው በእንፋሎት ነው፤ እንፋሎት ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። ለእንፋሎት ማሽን ኖራ የበዛበት ውሃ የትም አገር ቢሆን ጠላት ነው፤ በጋኑ ውስጥ ይጋገርና እሳቱን ከውሃው ይለያል፤ ማገዶው ይበላል፣ ውሃው ቶሎ አይፈላም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ሲመጣ ደግሞ ያንኑ ድንጋይ ፈልጎ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተከለ፤ በአገራችን የመጀመሪያው ነው። አያችሁ፣ ፋብሪካው ፈጭቶና አቃጥሎ ቤት የሚሠራበት ድንጋይና በየቤቱ ቧንቧ የሚመጣው ድንጋይ አንድ ነው።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ድሬ ውስጥ ከዚራም ሁኑ መጋላ ወይም ሳቢያን፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፍታችሁ ብታዩ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። በጥፍር ብትፍቁት ይሰበራል፤ ስስ የእንቁላል ቅርፊት ይመስላል። ሎሚ ጨምቁበት። ጫፉ ላይ ጥቃቅን አረፋ ይነሳል፣ ይንሿሿል፣ ቅርፊቱም እየሳሳ ይሄዳል። ዓይናችሁ እያየ ከሚለቀቀው ጋዝ ከፊሉ ከመቶ ሚሊዮን ዓመታት በላይ በድንጋይ ታስሮ የኖረ ነው። ሎሚ ከሌለ አቼቶም ይሠራል፤ ለሻወሩ ቀዳዳም፣ ለተደፈነው የቧንቧ አፍም እሱ ነው መድኃኒቱ።

የልብስ አጣቢዋን ነገርስ? ሳሙናው ታሽቶ ታሽቶ አረፋ አያወጣም። ካልሲየሙ ሳሙናውን ይይዘውና ግራጫ ዝቃጭ ሆኖ ልብሱ ላይ ይቀራል፤ ነጩ ነጠላ ይጠቁራል፣ ፎጣውም ይሻክራል። ለአንድ ጀሪካን ውሃ የሚያልቀው ሳሙና ሌላ ከተማ ከሚያልቀው ይበልጣል። ይህ ለድሃ ቤት ተራ ነገር አይደለም፤ በየሳምንቱ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው። የፓውደር ሳሙና ብዙም አይቸገርም፤ የደረቁ ሳሙና ግን ይሸነፋል።

ባለሙያዎች ይህን የሚለኩት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ባለው ካልሲየም ካርቦኔት መጠን ነው። ከ60 ሚሊግራም በታች ከሆነ ውሃው ለስላሳ ይባላል፤ ከ180 ካለፈ በጣም ጠንካራ ነው። የአገራችን የመጠጥ ውሃ ደረጃ ጣሪያው 300 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ለጤና ብሎ ወሰን አላስቀመጠለትም። ለቧንቧውና ለጣዕሙ እንጂ ለሆድ አላሰጋውም።

እዚህ ላይ በከተማዋ እናቶች ሁሉ አፍ ያለች ጥያቄ ትመጣለች። ቧንቧ ሠሪው የተደፈነውን ፈትቶ፣ ነጩን ፍቆ ጣቱ ላይ ሲያሳያት፣ እናት ታየውና፦

«ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ታዲያ ኩላሊቴ ውስጥም ተጋግሯል በለኛ!»

«አይ እማዬ፣» ይላል ነገሩ የገባው፤ «ይኼ የሚጋገረው ውሃው ሲሞቅና ሲደርቅ ነው። ያንቺ ሆድ ማንቆርቆሪያ አይደለም።»

እውነቱን ነው። የኩላሊት ጠጠር ዋና ወዳጁ ውሃ ማነስ ነው። እንደ ድሬ ባለ ሙቀት ውስጥ ላብ ሲበዛ፣ መጠጥ ሲያንስ፣ ሽንት ይወፍራል፤ ጠጠሩም ያኔ ነው የሚረጋው። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ «ካልሲየም አለበት» ብሎ የቧንቧውን ውሃ የሚሸሽ፣ የታሸገውን ለመግዛትም አቅም የሚያጥረው ሰው በቀን የሚጠጣው እያነሰ ይሄዳል። ጠጠሩን ፈርቶ ጠጠሩን ይጠራል።

እንግዲህ ነጩን እዚህ ላይ እንተወው። የማይታየው አለ፤ ታሪኩን የጀመርኩላችሁም ለእሱ ስል ነው።

ያው የኖራ ድንጋይ ስንጥቅጥቅ ነው፤ ከላዩ ያለው የደቻቱ ወንዝ አሸዋም ያሳልፋል። ጎርፉ ሲመጣ ውሃውን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ በዚህ ነው ከተማዋ በበረሃ ዳር ጉድጓድ ቆፍራ የምትጠጣው። ግን ዝናቡን የሚያሳልፍ ምድር ሌላውንም ያሳልፋል። አብዛኛው ቤት ፍሳሹን የሚሰድደው በጓሮው ወደ ተቆፈረ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። ከሽንቱ የሚወጣው ናይትሮጅን አፈር ውስጥ ተለውጦ ናይትሬት ይሆናል፤ ናይትሬት ደግሞ በውሃ ይሟሟል፣ ከአፈር ጋር አይያያዝም፣ ወደ ታች ይወርዳል። በከተማዋ ክልል ውስጥ ባሉ ጉድጓዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ናይትሬት የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን፣ ማለትም በሊትር ከ50 ሚሊግራም፣ አልፎ የተገኘባቸውን ቦታዎች አሳይተዋል።

ናይትሬት ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። ማንቆርቆሪያ ላይ አይጋገርም፣ ሳሙና አያስቸግርም። ጤነኛ አዋቂን እምብዛም አያሰጋም፤ የሚያጠቃው ስድስት ወር ያልሞላውን፣ በጡጦ ወተት እየተበጠበጠለት የሚያድገውን ሕፃን ነው። በሆዱ ውስጥ ወደ ናይትራይት ይለወጥና ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ከንፈሩና ጥፍሩ ወደ ሰማያዊነት ያደላል። እናት ግን ምን ታደርጋለች? ታፈላዋለች። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ካልሲየሙንም በከፊል ያወርዳል፤ ናይትሬትን ግን አይነካውም። ውሃው በእንፋሎት እየጎደለ በሄደ ቁጥር በቀረው ውስጥ ይባስ ይጠናከራል። ክሎሪንም አያወጣውም፤ ተራው የሸክላ ማጣሪያም አያወጣውም።

በዚህ ላይ ከዚያው የድሬ ቆላ የሚጠጣው ድሬ ብቻ አይደለም። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሐረርም ፊቷን ወደ ታች አዞረች፤ ከድሬዳዋ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ሽቅብ እየተገፋ ይሄድላታል። ከመሬት በታች ያለው ውሃ አንዴ ከተበከለ ደግሞ እንደ ሮቶ ደፍተው አያጥቡትም፤ ለመጥራት ብዙ ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል።

ስለዚህ ድሬ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህን እለምናችኋለሁ። ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ ጡጦ ግድ ከሆነባችሁ የምትበጠብጡበት ውሃ ናይትሬቱ የተለካ ይሁን። የግል ጉድጓድ ያላችሁ ከመጠጣታችሁ በፊት አስመርምሩ፤ የሽንት ቤት ጉድጓድ የምታስቆፍሩ ደግሞ ታችና ግድግዳውን አስለስኑት፣ ሲሞላም በወቅቱ አስመጥጡት። ውሃውን የምታስተዳድሩትም የየጉድጓዱን የናይትሬት ውጤት ሕዝቡ በሚያነብበት ቦታ ለጥፉት፤ በጉድጓዶቹ ዙሪያ ያለውን መሬትም ከቤትና ከሽንት ቤት ጠብቁት።