በመኖ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ለአሳማ ሳንባ ምች ለምን አይበቃም?

በተፋፈገ እርባታ ውስጥ ያሉ አሳማዎችን የሚያጠቃው የመተንፈሻ አካል በሽታ በአብዛኛው የአንድ ተህዋስ ሥራ አይደለም። ፒአርአርኤስ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ቫይረስ የሳንባን ጠባቂ ሕዋሳት ይገድላል፤ ማይኮፕላዝማ ሃዮኒሞኒ ደግሞ ከመተንፈሻ ቱቦ ቆሻሻ የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ያወድማል። ፓስቱሬላን የመሰሉ ባክቴሪያዎች የሚበረቱት በዚህ በተዳከመ ሳንባ ላይ ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም፤ ማይኮፕላዝማም የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይጎዳውም። ስለዚህ ምክንያቱ ሳይመረመር መድኃኒትን ከመኖ ጋር ደባልቆ ለመንጋው ሁሉ ማደል የሕዝብን ጤና ለአደጋ ከማጋለጡም በላይ፣ ለታመመው እንስሳ ራሱ ደካማ ሕክምና ነው ብዬ እሟገታለሁ።

የሙግቱ ዋና ማስረጃ ያለው መመገቢያ ገንዳው ዘንድ ነው። ትኩሳት የያዘውና ትንፋሽ ያጠረው አሳማ የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፤ ጥግ ይዞ ይተኛል እንጂ ከጤነኞቹ ጋር ተጋፍቶ አይበላም። መድኃኒቱን አብዝቶ የሚወስደው እምብዛም የማያስፈልገው ነው፤ የሚያስፈልገው ግን ከመጠኑ ያነሰ ይደርሰዋል። ቴትራሳይክሊንን ብንወስድ፣ በመኖው ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ስለሚጣበቅ ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ነው። የቀረው አንጀት ውስጥ ቆይቶ ከሳንባ ምቹ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸውን ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን የመቋቋም ዕድል ይሰጣቸዋል።

አክቲኖባሲለስ ፕሉሮኒሞኒ አንድን አሳማ በአንድ ቀን ውስጥ ሊገድል ስለሚችል ምርመራ መጠበቅ ጭካኔ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ የታመሙትን ወዲያው በመርፌ ማከም፣ አብረዋቸው ያሉትንም ለአጭር ጊዜ ማከም ተገቢ ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ደንብም በሽታ የታየበትን መንጋ በቡድን ማከምን አልከለከለም። የከለከለው ምንም በሽታ ሳይታይ መንጋን በአንቲባዮቲክ መጠበቅን ነው። ናሙና ወስዶ ሕክምና መጀመርና ውጤቱ ሲደርስ መድኃኒቱን ማስተካከል ደግሞ የታመመውን አያዘገይም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የኪሳራ ፍርሃት ነው። ለዚህ ዴንማርክን ማየት ይጠቅማል። አርቢዎቿ ለዕድገት ማፋጠኛ የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ እስከ 1999 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ አቆሙ። ጡት በጣሉ ግልገሎች ላይ ተቅማጥ መብዛቱና ለሕክምና የሚታዘዘው መድኃኒት መጨመሩ አይካድም። የአገሪቱ የአሳማ ምርት ግን በቀጣዮቹ ዓመታት ማደጉን ቀጠለ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ አጠቃቀማቸው ከገደቡ ያለፈ እርባታዎችን የሚያስጠነቅቅ «ቢጫ ካርድ» ተጀመረ። ልምዱ የሚያስተምረው ክልከላ ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ ክትባት፣ በቂ አየርና ጉሮኖውን ሙሉ በሙሉ ባዶ አድርጎ አጽድቶ አዲስ መንጋ ማስገባት አብረውት መምጣት አለባቸው። በአሞኒያ የታፈነ ቤት ሳይስተካከል መድኃኒት ማብዛት የበሽታውን ምንጭ ትቶ ምልክቱን ማሳደድ ነው። የእንስሳት ሐኪሙም ማዘዣውን ከመጻፉ በፊት ቤቱን መመርመር የሥራው ግማሽ መሆኑን ሊያምንበት ይገባል።