ከቁፋሮ የወጣ የዐለት ናሙና
ለገ ደምቢ፣ ጉጂ ዞን፣ ኦሮሚያ
ኳርትዝ ያለበት ዐለት፤ ውፍረቱ ሳይሰነጠቅ 47.6 ሚሊ ሜትር

ጫፉ ላይ አልማዝ የተሰካበት ባዶ ቱቦ ዐለቱን እየሰረሰረ ሲወርድ፣ መሐሉ ላይ የሚቀረው ዘንግ እንዳለ ይወጣል። ዘንጉ በመጋዝ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ግማሹ ተፈጭቶ ላቦራቶሪ ይገባል፣ ግማሹ ለማመሳከሪያ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። እዚህ ያለው የተቀመጠው ግማሽ ነው።

የሚያብረቀርቀውን ቢጫ ነጥብ አይተው ወርቅ አገኘሁ እንዳይሉ፤ ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን ነው። ወርቁ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን አይታይም። በአንድ ቶን ዐለት ውስጥ ጥቂት ግራም ከተገኘ ግን ቁፋሮው ሊያዋጣ ይችላል።

ለአካባቢው ሰው ሒሳቡ በግራም ብቻ አልነበረም፤ ነዋሪዎች በጤናችን ላይ ጉዳት ደረሰ ብለው ተቃውሞ በማሰማታቸው የለገ ደምቢ የወርቅ ማውጫ ፈቃድ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ታግዶ ነበር።