የቀሪዎች ድርሻ፦ የጉራጌ ፍልሰትና የእንሰት ቤተሰብ ኑሮ



ስለ ፍልሰት የምንተርከው ታሪክ በአብዛኛው የሄያጆች ታሪክ ነው። የጉራጌ ፍልሰት ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበን ባዶ እጁን አዲስ አበባ ገብቶ፣ በተሸካሚነት ወይም በሊስትሮነት ጀምሮ፣ በመጨረሻ መርካቶ ውስጥ ሱቅ የከፈተው ሰው ነው። ዛሬ ፊታችንን ወደ መንደሩ መልሰን፣ እርሱ ከተማ በነበረባቸው ዓመታት በቤት የቀሩት ሰዎች ኑሮ ምን እንደ ሆነ እንጠይቅ። የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ የቀሪዎቹን ኑሮ የወሰነው የሚላከው ገንዘብ መጠን ብቻ አልነበረም፤ ገንዘቡ ሲደርስ ቤቱ ቆሞ መገኘቱም ጭምር ነበር። ቤቱን ያቆመችው ደግሞ በአመዛኙ ሴቲቱ ናት።

ከፍልሰቱ መነሻ እንጀምር። የጉራጌ ምድር በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ጋር ሲቀላቀል፣ የገባርነት ሸክም በገበሬው ላይ ወደቀ። መሬቱ ጠባብ፣ ነዋሪው ብዙ ነበር። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በበኩሏ ቤት የሚሠራ፣ ዕቃ የሚሸከም፣ እንጨት የሚፈልጥ ጉልበት ትሻ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች ግብር በገንዘብ እንዲከፈል ሲያደርጉ፣ ጥሬ ብር የማግኘት ግዴታው በረታ። እንሰት ሆድን ይሞላል፤ የመንግሥትን ግብር ግን በቆጮ መክፈል አይቻልም።

ይሁን እንጂ ወንዱ ወጥቶ እንዲከርም ያስቻለውም ይኸው እንሰት ነው። እንሰት እንደ ጤፍና ስንዴ በአንድ ወቅት ታጭዶ የሚያልቅ አዝመራ አይደለም። ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ከደረሰ በኋላ ግን ቤተሰቡ በሚያስፈልገው ጊዜ እየቆረጠ ይጠቀምበታል። ድርቅን ይቋቋማል፤ ቆጮውም በጉድጓድ ተቀብሮ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በጓሮው በቂ እንሰት የተከለ አባወራ፣ ከከተማ ገንዘብ ባይልክ እንኳ ልጆቹ ወዲያው አይራቡበትም። ተከላውና ማዛወሩ በልማድ የወንድ ሥራ ነው፤ እንሰቱን መፋቅ፣ አሚቾውን መከትከት፣ ቆጮውን ማብላላት፣ ቡላውን ማውጣት የሴቶች ድርሻ ነው። ስለዚህ ወንዱ ሲሄድ ማዕዱን የሚያዘጋጀው ጉልበት ከቤት አልወጣም።

ከከተማ የመጣው ገንዘብስ ምን ሠራ? ግብር ከፈለ፤ ልብስና ጨው ገዛ፤ ከሁሉ በላይ ግን ከብት ገዛ። የከብቱ ጥቅም በወተትና በቅቤ አያበቃም፤ ያለ ፍግ እንሰት አይፋፋምና። ከመርካቶ የተላከው ብር ላም ሆነ፣ የላሟ እበት ጓሮውን አለመለመ፣ ጓሮው ደግሞ በሚቀጥሉት ዓመታት ማዕዱን ሞላ። በጥሬው ቢበላ ኖሮ በወራት ውስጥ የሚያልቀው ገንዘብ፣ በዚህ መንገድ ለዓመታት የሚዘልቅ ጥሪት ሆነ። የመስቀል በዓልም ከዚህ አንጻር መታየት አለበት። በመስከረም ወንዱ ለበሬው የቆጠበውን፣ ሴቲቱ ያጠራቀመችውን ቅቤ ይዘው ይገናኛሉ፤ በሙስሊሙ ዘንድ አረፋ ተመሳሳይ የመመለሻ በዓል ነው። በዓሉ ከደስታው ባሻገር፣ ሄያጁ ለቤቱ ያለበትን ግዴታ በዘመድና በጎረቤት ፊት የሚያድስበት ቀን ነበር።

ሆኖም ይህን ሥርዓት በውዳሴ ብቻ ማለፍ ፍትሐዊ አይሆንም። ባል በሌለበት ቤት የወንዱም ሥራ በከፊል በሴቲቱና በልጆች ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ተከላው በወቅቱ ካልተከናወነ ጉድለቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። በከተማ ሌላ ትዳር መሥርቶ የፊተኛውን የረሳም ነበር። ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። የቀን ሠራተኛው በአነስተኛ ደመወዝ ሊኖር የቻለው ቤተሰቡን ጓሮው ስለሚመግብለት ነው። ስለዚህ ከተማው ለገጠሩ ገንዘብ ላከ ብቻ ማለት ግማሽ እውነት ነው፤ ገጠሩም በሴቶች ያልተከፈለ ድካም ከተማውን ደጉሟል። በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ያልሰፈረው ወጪ ይህ ነው።

የግል መዋጮ ወደ ጋራ ሥራ የተሻገረውም በዚሁ ግንኙነት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ለመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ አዋጡ። መንገድ የተላከ ገንዘብ ሊያደርገው የማይችለውን ያደርጋል፤ ዘመድ የሌላትን መበለት ጭምር ከገበያና ከሐኪም ያገናኛል።

ይህ ታሪክ ለዛሬው የዓረብ አገሮች ፍልሰት ምን ይነግረናል? እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምትሄደው ሴቲቱ ናት፤ ማዕዱን የሚያዘጋጀው ጉልበት ራሱ ከቤት ይወጣል። ከጉዞው በፊት ብድር ይቀድማል፤ የመጀመሪያው ገንዘብም ለዕዳ ይሄዳል። በአሠሪዋ ፈቃድ የታሰረች የቤት ሠራተኛ ለመስቀልም ለአረፋም መመለስ አይቻላትም። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ ገቢው በአንድ ጊዜ ተቋረጠ፤ ዕዳው ግን ቀረ።

እንግዲህ የቀሪዎችን ኑሮ ስንመረምር ስንት ብር ተላከ በሚለው ብቻ አንወሰን። ገንዘቡ ወደ ምን ተለወጠ? የሄያጁን ሥራ ማን ተሸከመው? የሚላከው ቢቋረጥ ቤቱ ምን ይበላል? ለጉራጌው ቤት ሦስተኛው ጥያቄ በጓሮው የቆመ መልስ ነበረው። ዛሬ ልጆቻቸውን በሚሸኙ ብዙ ቤቶች ግን በእንሰቱ ፋንታ የቆመ ነገር የለም።