የቫሎሪስ የሴራሚክ ቅርጻ ቅርጾችና አሰባሰባቸው

ቫሎሪስ በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ከካን አጠገብ የምትገኝ የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚያ የተሠሩት የሴራሚክ ቅርጻ ቅርጾች ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው የፈረንሳይ ሥራዎች መካከል ናቸው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋ ለዘመናት የኖረችው የማብሰያ ድስት እየሠራች ነው። የብረትና የአሉሚኒየም ድስት ገበያዋን ሲነጥቃት ብዙዎቹ እቶኖቿ ጠፉ። መልሶ ያነሣት በ1938 ሱዛንና ዦርዥ ራሚዬ የመሠረቱት ማዱራ የተባለው ወርክሾፕ ነው። ፓብሎ ፒካሶ በ1946 የከተማዋን የሸክላ ኤግዚቢሽን ለማየት መጥቶ በማዱራ ጥቂት ትንንሽ ቅርጾች ሠርቶ ሄደ። በዓመቱ ሲመለስ ተተኩሰው ጠበቁት፤ ከዚያ በኋላ ሥራውን አልተወም፤ ከ1948 እስከ 1955ም ኑሮውን እዚያው አደረገ።

የፒካሶ ቅርጻ ቅርጽ አሠራር ከተለመደው የተለየ ነው። ዡል አጋር የተባለው ባለሙያ በመንኮራኩር አሹሮ ያወጣውን እንስራ፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ ተቀብሎ አንገቱን ያጥፋል፣ ወገቡን ይጨምቃል፤ እንስራው የተንበረከከች ሴት ወይም ወፍ ይሆናል። ጊዜው ጠባብ ነው፤ ጭቃው ከረጠበ ግድግዳው ይወድቃል፣ ከደረቀ ይሰነጠቃል። በእነዚህ ሥራዎች ላይ የጣት ጫናው እስከ ዛሬ ይታያል፤ ከመላው የቫሎሪስ ሥራ ትልቁ ውበትም ይኸው ነው።

ሰብሳቢው በብዛት የሚያገኘው ግን እነዚህን ነጠላ ሥራዎች ሳይሆን ብዜቶቻቸውን ነው። ከ1947 እስከ 1971 ማዱራ 633 የፒካሶ ንድፎችን አባዝቷል፤ የእያንዳንዱ ብዛት ከ25 እስከ 500 ይደርሳል። ብዜቱ በሁለት መንገድ ይሠራ ነበር። አንደኛው፣ የወርክሾፑ ሠራተኞች ዋናውን እያዩ ቅርጹንም ሥዕሉንም በእጅ መድገም ነው። ሁለተኛው ፒካሶ በጄሶ ላይ የቀረጸውን ወደ ሸክላ ማተም ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዕቃውን ገልብጦ ሥሩን ማየት ያስፈልጋል፤ «ኤዲሲዮን ፒካሶ» የሚለው ምልክት የመጀመሪያውን፣ «አምፕራንት ኦሪጂናል ደ ፒካሶ» የሚለው ሁለተኛውን ያመለክታል፤ ብዙ ጊዜም የማዱራ ማኅተም አብሮ ይገኛል። የፒካሶ የእጅ ፊርማ አለመኖሩ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ ብዜቶቹ በአብዛኛው አልተፈረሙም። በ2012 ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ቤት የማዱራን ክምችት በለንደን ሲሸጥ ወደ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ተገኝቷል፤ ዋጋው ወደ ላይ ከተተኮሰባቸው ጊዜያት አንዱ ነው።

የፒካሶ ስም ሌሎቹን ጋርዷቸዋል፤ ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ሮዤ ካፕሮንና ሮበር ፒኮ በ1946 ካሊስ የተባለውን ወርክሾፕ በቫሎሪስ ከፍተው ነበር፤ ዣን ዴርቫልም አብሯቸው ሠርቷል። በተለይ ዴርቫል በመካከለኛው ዘመን የቤተ ክርስቲያን ቅርጾች መንፈስ የሠራቸው ሰዎችና እንስሳት፣ ለቅርጽ ዓይን ያለው ሰብሳቢ አስቀድሞ ሊፈልጋቸው የሚገቡ ናቸው። ከከተማዋ ውጭም ዦርዥ ዡቭ አለ፤ ሸክላን የተማረው በጦርነቱ ዘመን ድዩልፊ በተባለች የድሮም አውራጃ መንደር ነው፤ ጥቁር ቅብ የለበሱት ሥራዎቹ ከዘመኑ ምርጦች ይመደባሉ።

ዋጋን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የተደበቀ ጥገና ነው። የቫሎሪስ ሸክላ በዝቅተኛ ሙቀት የሚተኮስ ፋያንስ በመሆኑ ጠርዙ በቀላሉ ይሸረፋል፤ ቀንድ፣ ጆሮና ክንፍ ደግሞ ቀድመው ይሰበራሉ። በጨለማ ክፍል አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ቅብ ተለይቶ ይታያል። በጣት ሲመታ የታፈነ ድምፅ የሚሰጥ ደግሞ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። በቅቡ ላይ የሚታዩት ቀጫጭን የመረብ መስመሮች ግን ቅቡ ከገላው የተለየ መጠን ሲኮማተር የሚፈጠሩ ስለሆኑ፣ ብቻቸውን እንደ ጉዳት አይቆጠሩም። ሥራዎቹን ለማየትም ሆነ ለማነጻጸር ከመግዛት በፊት የቫሎሪስን ቤተ መንግሥት መጎብኘት ይጠቅማል፤ የሴራሚክ ቤተ መዘክሩ እዚያ ነው፤ ፒካሶ በ1952 የሣለው «ጦርነትና ሰላም»ም በዚሁ ግቢ ባለው ጸሎት ቤት ይገኛል።