ንግሥቲቱን በሻሽ ቀሚስ የሣለችው ሴት

በ1783 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ፓሪስ ውስጥ በተከፈተ ትልቅ የሥዕል ዐውደ ርእይ ላይ አንድ ሥዕል ከግድግዳ እንዲወርድ ተደረገ። በሥዕሉ ላይ ያለችው የፈረንሳይ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ናት። ጥፋቱ ቀሚሷ ነው፦ እናቶቻችን ራሳቸው ላይ እንደሚያስሩት ሻሽ ዓይነት፣ ስስ ነጭ ጨርቅ። «ንግሥቲቱን በውስጥ ልብሷ ሣለቻት!» ተባለ። ጨርቁ ከውጭ የሚገባ ስለነበር የአገሬውን ሐር ሠሪዎች ናቀች የሚል ሐሜትም ተጨመረ።

ሠዓሊዋ ኤሊዛቤት ቪዤ ለብሩን ትባላለች፤ በ1755 ፓሪስ ተወለደች። አባቷም የሰው መልክ ሠዓሊ ነበር፤ ገና በ12 ዓመቷ ሞተባት። በአሥራዎቹ ዕድሜዋ በብሩሿ ቤተሰቧን መርዳት ጀመረች። በ1776 ያገባችው የሥዕል ነጋዴ የምታገኘውን ገንዘብ ይወስድባት ነበር፤ ቁማርም ይወዳል። ይባስ ብሎ ንጉሣዊው የሥዕል አካዳሚ «ባሏ ነጋዴ ነው» በሚል ሰበብ በሩን ዘጋባት። የተከፈተላት በዚያው በ1783 በንጉሥ ትእዛዝ ነው።

ሥዕሉ እንደወረደ ሌላ ሣለች። አቋቋሙም ጽጌረዳውም ያው ነው፤ ልብሱ ግን ሐር፣ አንገቷ ላይም ዕንቁ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ፋሽን ወሬ ያወራዋል። እኔ ግን ሁለቱን ሳስተያይ የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ ንግሥቲቱ እንዲህ ዓይነት ቀሚስ ወዳ የምትለብሰው ነበር። ሰው የተቆጣው ያልነበረ ነገር ስለተሣለ አይደለማ!

በጥቅምት 1789 ሕዝቡ ንጉሣዊውን ቤተሰብ ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ባመጣበት ሌሊት፣ ኤሊዛቤት እንደ ድሃ ሴት ለብሳ የ9 ዓመት ልጇን ይዛ በሕዝብ ሠረገላ ወደ ጣሊያን ሸሸች። ለንግሥቲቱ ቅርብ መሆኗ ፓሪስ ላይ አንገቷን የሚያስቀጣ ነበር፤ በሮም፣ በኔፕልስ፣ በቪየናና በሴንት ፒተርስበርግ ግን በር ከፈተላት። መሳፍንቱ ሊሣሉ ተራ ጠበቁ። ስደተኛ ሆና፣ ልጇን እያሳደገች፣ በእጇ ሥራ ኖረች። በ1793 ማሪ አንቷኔት አንገቷን ስትቀላ ኤሊዛቤት ሩቅ አገር ነበረች፤ ባሏም በስደቷ መሀል ፈታት።

አገሯ የተመለሰችው ከ12 ዓመት በኋላ፣ ሠዓሊ ጓደኞቿ ስለ እሷ አቤቱታ ካቀረቡ በኋላ ነው። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ብሩሿን አልጣለችም፤ በ1842 በ86 ዓመቷ ዐረፈች። በእርጅናዋ ትዝታዋን ስትጽፍ የሣለቻቸውን የሰው መልክ ሥዕሎች ቆጠረች፤ ከ600 በላይ ሆኑ። ከእነዚያ ሁሉ መሀል ንግሥቲቱን ያነሣቻት፣ ሁሉም ፊቱን ካዞረባት ከብዙ ዓመታት በኋላም፣ በፍቅር ነው።