የተረበሸ ሕመምተኛን በአምቡላንስ ውስጥ በጥንቃቄ ስለ ማረጋጋት

ድንገተኛ የጠባይ መረበሽ ሁልጊዜ የአእምሮ ሕመም ምልክት አይደለም። የደም ስኳር መውረድ፣ የኦክስጅን እጥረት፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የአንጎል ኢንፌክሽን ወይም አልኮል ሊያስከትለው ይችላል። ስለሆነም የአምቡላንስ ባለሙያ በቅድሚያ የአካባቢውን ደኅንነት አረጋግጦ ሕመምተኛውን በዝግታና በአክብሮት ያነጋግራል፤ እንደ ሁኔታውም የደም ስኳሩንና የኦክስጅን መጠኑን ይለካል።

ሕመምተኛው በንግግር ካልተረጋጋና ለራሱ ወይም ለሌሎች አስጊ ከሆነ፣ ሥልጠናና ፈቃድ ያለው ባለሙያ እንደ ዳያዜፓም ወይም ሃሎፔሪዶል ያለ ማረጋጊያ መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል። መድኃኒቱ ትንፋሽን ሊያዳክምና የደም ግፊትን ሊቀንስ ስለሚችል፣ ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ አተነፋፈሱ፣ የልብ ምቱና ንቃቱ ያለማቋረጥ ክትትል ይደረግበታል። ሕመምተኛን በሆዱ አስተኝቶ ጀርባውን መጫን ለሞት ሊዳርግ ስለሚችል ፈጽሞ አይፈቀድም።

በመቐለ ከተማ አይደር አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የድንገተኛና የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 907 ነው። አስታማሚዎች አምቡላንስ እስኪደርስ ድረስ፦

• ስለታም ነገሮችን ከአካባቢው ሊያርቁ፤
• ሕመምተኛውን በገመድ ከማሰርና ማረጋጊያ መድኃኒት በራሳቸው ከመስጠት ሊቆጠቡ፤
• ሕመምተኛው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ እንዲሁም አልኮል ወይም ጫት ተጠቅሞ ከሆነ ለባለሙያው ሳይደብቁ ሊያሳውቁ ይገባል።